ትንሹን ግዛ

ትፍ፣ ትፍ፣ ትፍ... ከዚያ ዝም። ደግሞ ትፍ፣ ትፍ፣ ትፍ... ዝም።

ድምፁ የገባው በመታጠቢያ ቤቱ ጠባብ መስኮት ነበር። መርፌ የሚሉት ሰው ፊቱን በሳሙና እንደሸፈነ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ጣል አደረገ። መኪናዋን ትሙቅ ብሎ አስነስቷት ነው የገባው። ሦስቱን ትመታና አራተኛውን ትውጠዋለች፤ ልክ እንግዳ ፊት ሳል እንደመጣበት ሰው።

"ያቺ መኪናህ ጉንፋን ይዟታል" አለች እናቱ ከሳሎን።

"መኪና ጉንፋን አይዛትም፣ እማዬ።"

"እሺ፣ አንተ ካልክ። እኔ ግን ስታስል እየሰማኋት ነው። እኔ እንዲህ ሳስል ብትሰማ ይኼኔ ሐኪም ቤት ወስደኸኛል።"

ታጥቦ ሲወጣ መኪናዋ በሩ ላይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ከመሪው ጀርባ፣ እስከዚያ ቀን በርታ የማታውቀው ብርቱካንማ የሞተር ምልክት ቦግ ብላለች። መርፌ ቁልፉን አጠፋና ዳሽቦርዱን በመዳፉ ዳበሰው፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳበሰው።

መርፌ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነው። ስሙን ያወጣለት ጓደኛው ነው። "ቀጭን ነህ፣ ስለታም ነህ፣ ክር ካልያዝክ ደግሞ ለምንም አትሆንም" ብሎ። እሱም በፋንታው ጓደኛውን "ፊውዝ" አለው፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነና በትንሽ ነገር ቱግ ስለሚል። ስሞቹ ተጣብቀው ቀሩ። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ሠርተዋል፤ የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ቆርቆሮው ላይ ፊውዝ በመሰርሰሪያ ጀምሮ በመዶሻ ያሰፋት ቀዳዳ አለች። ካቻቢቴ፣ መቀስ፣ ግማሽ ዳቦ፣ የሰው ሐሜት፣ ሁሉም በእሷ ነው የሚያልፈው።

መኪናዋንም የሸጠለት እሱ ነው። ከገዛት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ይቀራል። "የጡረተኛ አስተማሪ መኪና ናት። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት፣ ሌላ መንገድ አታውቅም" ነበር ያለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ባለፈው ያለበስካት ዳሽቦርድ ትዝ አለችህ? ፀሐይ የሰነጠቃት? የእሷ ናት። የእጅህ ሥራ ዞሮ ዞሮ እጅህ ገባ!" አለው። መርፌ ይህን ሲሰማ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ግራጫ ቆዳ፣ በጥቁር ክር ድርብ ስፌት፣ ከዳር እስከ ዳር አንዲት ጥልፍ ያልተዛነፈባት። በሕይወቱ ከሠራቸው ሁሉ የሚኮራባት ሥራ ናት። የራሱን ስፌት ፊት ለፊቱ እያየ መንዳት ለእሱ ደስታ ነበር።

መኪናዋ በዋናነት የእናቱ ናት ማለት ይቻላል። ጉልበቷን ታማለች፤ ሰኞና ቅዳሜ ጉልበቷን ወደሚያፍታቱላት የሐኪም ቤት ክፍል ትሄዳለች። እግሯን ዘርግታ መቀመጥ ስላለባት ቦታዋ ከፊት ነው፣ ከልጇ ጎን። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊውዝም አይቀርም። እሱ ነው ክንዷን ደግፎ የሚያስገባት። ቀበቶውን ራሱ ያስርላታል፤ ካሰረ በኋላ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ ያደርገዋል። "እማማ፣ እንደ ሻንጣ አስሬሻለሁ፤ ብትፈልጊም አትወድቂም።" ከዚያ ዞሮ ከኋላ ይቀመጣል። ሁልጊዜ ከኋላ ነው። እናትየው ሳትኖር እንኳ፣ ሁለቱ ብቻ ሆነው ዕቃ ሊገዙ ሲሄዱ፣ የፊቱ ወንበር ባዶውን ይሄዳል።

"ና እንጂ ከፊት፣ እኔ ታክሲ ነጂህ ነኝ?" ሲለው፣

"ባለሥልጣን ከሹፌሩ ጎን ሲቀመጥ የት አይተሃል?" ይላል ፊውዝ፣ እግሩን አነባብሮ።

እናትየው በዚህ ቀልድ አርባ ጊዜ ስቃለች፤ አርባውንም ጊዜ እንደ አዲስ።

እንግዲህ የሞተሯ መብራት የበራች ዕለት መርፌ አንድ ሐሳብ ጠነሰሰ፦ ኮድ ማንበቢያ ሊገዛ። ከመሪው ሥር ያለው ሶኬት ላይ ተሰክቶ መኪናዋን የት እንደሚያማት የሚጠይቅ መሣሪያ። ፊውዝ እንዲህ ያለ ነገር የለውም፤ በመሞከሪያ አምፖልና በጆሮው ነው የሚሠራው፤ ማሽን ለምን አትገዛም ሲሉት "ማሽኑ እኔ ነኝ" ይላል። መርፌ ግን ዕድሜውን ሙሉ የመኪና ልብስ እየሰፋ የመኪና ልብ አለማወቁ ያንገበግበው ነበር። ወንበር ሲፈታ፣ ከሥሩ የሚያልፉትን ባለቀለም ሽቦዎች እያየ የት እንደሚደርሱ ያልም ነበር።

በቀዳዳዋ በኩል ነገረው። በወዲያኛው በኩል ሲቆርጥ የነበረው ፒንሳ ጸጥ አለ።

"ብቻህን እንዳትሄድ" አለ ፊውዝ። "ያታልሉሃል። አብሬህ እመጣለሁ።"

የሄዱበት ሱቅ ባለቤት ጠና ያለች ሴት ናት፤ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ መርፌ መኪና ነው፤ የትኛው ዓመት ሥሪት እንደሆነች፣ ሶኬቷ አሥራ ስድስት ጥርስ ያለው መሆኑን። ከዚያ ሦስት መሣሪያ መስታወቱ ላይ ደረደረች።

"ይኼ ትንሹ የራሱ ስክሪን የለውም፤ ከስልክህ ጋር ነው የሚነጋገረው። ሞተር ብቻ ያነባል። ይኼኛው ስክሪን አለው፤ እሱም ከሞተር አያልፍም፤ ግን ስልክህ ባትሪ ቢጨርስ አታለቅስም። ይኼ ትልቁ ደግሞ ሁሉን እየዞረ ይጠይቃል፦ ሞተሩን፣ ማርሹን፣ ፍሬኑን፣ በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰው የሚያተርፈውን ኤርባግ።" መነጽሯን አወለቀች። "አንድ ነገር ልንገርህና የፈለግኸውን ውሰድ። የትኛውም ቢሆን የሚያማትን ቦታ ነው የሚያሳይህ እንጂ በሽታውን አይነግርህም። ኮድ ባየህ ቁጥር ዕቃ ለመግዛት እንዳትሮጥ።"

መርፌ ትልቁን አነሳው። ከበድ ይላል፤ ዳር ዳሩ በጎማ ተሸፍኗል። በእጁ መዳፍ ልክ የተሠራ መሰለው።

"አስቀምጠው" አለ ፊውዝ።

"ለምን?"

"ትንሹን ግዛ። ያማት ሞተሯ ነው፤ ኤርባግ ምን አገባህ? እሱ ነገር ፈንጂ ነው፣ ወንድሜ። አንድ ቁልፍ ተሳስተህ ብትነካ ፊትህ ላይ ቡም! ከዚያ በመርፌህ ፊትህን ስትሰፋ ትኖራለህ።"

"ማንበብ ብቻ ከሆነ አይፈነዳም" አለች ባለሱቋ።

"እትዬ፣ እርስዎ ይሽጡ፤ ምክሩን ለእኔ ይተዉልኝ።"

"ይሁን ጌታዬ። እኔስ ትልቁ ቢሸጥልኝ ጠላሁ?" ወደ መርፌ ዞረች። "በሳምንት ውስጥ ከመለስከው እቀይርልሃለሁ። ደረሰኙን እንዳትጥል።"

መርፌ ትንሹን ገዛ። ፊውዝ ዋጋ ሳይከራከር ከሱቅ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ለሁለት አምፖል ግማሽ ሰዓት ይጨቃጨቃል። ያን ቀን ግን ባለሱቋ ዋጋውን ስትጠራ፣ "ክፈላትና እንሂድ" ብቻ አለ።

ትንሹ ግን አላሳፈረም። ከመሪው ሥር ሲሰካ ሰማያዊ ዓይኑን አበራ፤ ስልኩ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ፤ ፒ ዜሮ ሦስት ዜሮ ሦስት። ሦስተኛው ሲሊንደር አይተኩስም ማለት ነው። መርፌ የባለሱቋን ቃል አልረሳም፤ ዕቃ ለመግዛት አልሮጠም። ኮፈኑን ከፍቶ የሦስተኛውን ኮይል፣ እሳት የሚሰጠውን ዕቃ፣ ከአንደኛው ጋር አቀያየረ፤ ኮዱን አጠፋና መኪናዋን አስነሳ። ደግሞ አነበበ፤ አሁን የታመመው አንደኛው ሆነ። በሽታው ከኮይሉ ጋር አብሮ ተዛውሯል! አዲስ ኮይል ገጠመና ቁልፉን ሲያዞር ሞተሯ እንደ ድመት አንኮራፋች።

"ጉንፋኗ ለቀቃት" አለች እናቱ ከመስኮት። "ያ ጠንቋይ መሣሪያህ ጎበዝ ነው።"

ፊውዝ ትከሻውን ጨብጦ ወዘወዘው። "አላልኩህም? ትንሹ በቃህ። በል እንግዲህ ሱቋ ድረስ አትመላለስ።"

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ነገር ግን መርፌ አንዴ የመኪናዋን ቋንቋ ከቀመሰ በኋላ መጥገብ አቃተው። ከመሳቢያዋ ውስጥ፣ ማንም ገልጦት የማያውቀውን የመመሪያ መጽሐፍ አወጣ። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ሹፌሩ ወንበር ላይ ጋለል ብሎ፣ ሰው ልብ ወለድ እንደሚያነብ፣ ስለ መብራቶቿ ማንበብ ጀመረ። የኤርባግ ምልክት ላይ ሲደርስ እንዲህ ይላል፦ ቁልፉ ሲከፈት ይበራል፤ ስድስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ፣ ሞተር ባይነሳም፣ በራሱ ይጠፋል።

ለጨዋታ ያህል ቁልፉን ከፈተና ቆጠረ። ስድስት። ሃያ። ስድሳ። ቀዩ ምልክት አልጠፋም። ሞተሩን ሲያስነሳ የዘይቱ መብራትና የኤርባጉ መብራት በአንድ ቅጽበት፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ፣ ድርግም አሉ። አጥፍቶ ደገመው፤ ደግሞ ደገመው። ሁልጊዜ አብረው ነው የሚጠፉት። ሁለቱን አንድ ሽቦ ላይ ያሰራቸው ሰው ያለ ይመስል።

ወደ ሥራው ተመለሰና አፉን ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋ።

"ፊውዝ፣ የመኪናዬ የኤርባግ መብራት ሞተር ካልተነሳ አይጠፋም። በራሱ መጥፋት አለበት ይላል መጽሐፉ።"



"የዚህ ሞዴል ጸባዩ ነው" አለ ፊውዝ ከወዲያ በኩል።

"ከዘይቱ ጋር እኩል ነው የሚጠፋው።"

"ነገርኩህ እኮ! አንተ ሰውዬ መጽሐፍ ማንበብ ከጀመርክ ወዲህ ሰላም አጣን።"

መርፌ መጠየቅ የፈለገውን በቀጥታ መጠየቅ ፈራ፤ ስለዚህ በር ብቻ ገርበብ አድርጎ ተወለት።

"ስለዚች መኪና እኔ የማላውቀው ነገር አለ?"

"አንተ?" ፊውዝ ሳቀ። "ስለሷ ከኔ በላይ ታውቃለህ። እኔ ሸጥኳት እንጂ አላገባኋት!"

መርፌም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ለማንም ሳይናገር፣ ትንሹን ከደረሰኙ ጋር ይዞ ሄደ። ባለሱቋ ምንም አልጠየቀችውም። ትልቁን አውጥታ መስታወቱ ላይ አኖረችለትና፣ "ያ ወዳጅህ የት ሄደ?" ብቻ አለች።

"ሥራ ላይ ነው።"

"እህ" አለች።

ከሱቋ ፊት ለፊት ባለው ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ ሰካው። ትልቁ እንዳለችው አንድ በአንድ እየዞረ ጠየቀ። ሞተር፣ ችግር የለም። ማርሽ፣ ችግር የለም። ፍሬን፣ ችግር የለም። ኤርባግ ላይ ሲደርስ ቆየ። ከዚያ ሦስት መስመር ጻፈ። የሹፌሩ ኤርባግ፣ መስመሩ ተቋርጧል። የተሳፋሪው ኤርባግ፣ መስመሩ ተቋርጧል። ሦስተኛው ግን ስለ መስመር አልነበረም፤ የግጭት መረጃ ተመዝግቧል ይላል።

መርፌ ሦስተኛውን መስመር ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ዓይኑ ቀስ ብሎ ከስክሪኑ ወደ ዳሽቦርዱ ወጣ፤ ወደ ግራጫው ቆዳ፣ ወደ ጥቁሩ ክር።

የዳሽቦርዱ ቅድ ትዝ አለው። ፊውዝ ዳሽቦርዱን ተሸክሞ የመጣ ቀን፣ በተሳፋሪው በኩል ያለው ቅድ እንደ ተከፈተ መዝጊያ አራት ማዕዘን ነበር፤ ከንፈሮቹ ወደ ውጭ ተገልብጠዋል። ፀሐይ የሰነጠቀው ነገር እንዲህ አይገለበጥም። ፀሐይ ያደርቃል፣ ያሽመደምዳል፣ እንደ ጭቃ ያሰነጣጥቃል። ይህ ግን ኤርባግ ሲፈነዳ እንደሚቀድደው ከውስጥ ወደ ውጭ የተቀደደ ነበር። መርፌ የሰው ሱሪ ላይ ቅድ አይቶ በአጥር ይሁን በውሻ መናገር የሚችል ሰው ነው። ያን ዕለት ግን አላየም። "ፀሐይ ነው" ያለው ፊውዝ ስለሆነ የገዛ ዓይኑን መጠየቅ አላስፈለገውም። ከንፈሮቹን በካውያ አለሳልሶ መለሳቸው፤ ከሥሩ ጠንካራ ፕላስቲክ ደገፈ፣ ስፖንጅ ለጠፈ፣ በማስቲሽ ጠጥሮ እንዲይዝ ሌሊቱን በድንጋይ ተጭኖት አሳደረ፣ ከዚያ ቆዳውን አለበሰ። "እንዲህ አድርገህ ነው መዝጋት!" ብሎ ነበር ፊውዝ፣ በጣቱ እያንኳኳ።

ከኪሱ ምላጭ አወጣ። በጣም የሚኮራባትን ጥልፍ በጠሰ፤ ከዚያ ቀጣዩን፤ አንድ ስንዝር ያህል ፈታ። ስፖንጁን ገለጥ አድርጎ፣ የደገፈውን ፕላስቲክ በካቻቢቴ ፈልቅቆ የስልኩን መብራት ወደ ውስጥ አበራ። ባዶ ነው። ኤርባጉ መኖር የነበረበት ቦታ ላይ አንድ ቢጫ ሶኬት፣ አፉ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ተንጠልጥሏል። ፕላስተሩ ዳሩ ላይ ተጣጥፎ ምላስ ሠርቷል፤ በኋላ ለመፍታት እንዲመች። በዚህ ዓይነት የሚጠቀልል አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

እናቱን አሰበ። ከዚህ ባዶ ጉድጓድ ፊት ለፊት እግሯን ዘርግታ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አሥር ወር ሙሉ ሰኞና ቅዳሜ። ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ የሚደረገውን ቀበቶ አሰበ። ከኋላ እግሩን አነባብሮ የሚስቀውን ባለሥልጣን አሰበ። አርባ ጊዜ የሳቁበት ቀልድ አንድ በአንድ እየተመለሰ ደረቱ ላይ ተቀመጠ።

መሣሪያው ላይ ኮድ ማጥፊያ አለ። ጣቱን እላዩ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። ቢያጠፋውስ? ምንም እንዳላየ ቢሆንስ? አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው፤ እናቱ በታመመች ጊዜ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን በእግሩ ያዳረሰ ፊውዝ ነው። ጣቱን አነሳ። ለራሱ አንድ ነገር ቃል ገባ፦ እውነቱ ከገዛ አፉ ከወጣ እተውለታለሁ። አንድ ቃል ይበል፤ "አጥፍቻለሁ" ይበል፤ ለምን እንዳደረገውም አልጠይቀውም።

ዓርብ ሙሉ ቀን ጠበቀ። መኪናዋን ቤት ትቶ በእግሩ ነበር የመጣው። በቀዳዳዋ ዳቦ አቀበለው፤ ፊውዝ ተቀበለ። ስለ ደንበኞቹ አወራ፣ ስለ ባትሪ አወራ፣ ስለ ኳስ አወራ። "መኪናዋስ?" እንኳ አላለም። ከሰዓት በኋላ ወደ ማብቂያው መርፌ መቀሱን አቀበለውና ሳይለቀው ያዘው፤ በጠባቧ ቀዳዳ ውስጥ ሁለቱ እጆች አንድ መቀስ ይዘው ቆሙ።

"ምነው?" አለ ፊውዝ።

"ምንም" አለና ለቀቀው።

ቅዳሜ ጠዋት መርፌ እናቱን ከኋላ አስቀመጣት። ወንበሩ ላይ ጎን ብላ እግሯን በርዝመቱ ዘረጋች።

"ምን አጠፋሁና ነው ወደ ኋላ የተባረርኩት?"

"ዛሬ አንቺ ነሽ ባለሥልጣን፣ እማዬ።"

"ያ ልጄስ ታዲያ የት ሊቀመጥ ነው?"

መልስ ሳይሰጣት ፊውዝ በግቢው በር ገባ፤ ጸጉሩን አበጥሯል፣ የቅዳሜ ሸሚዙን ለብሷል። "ደህና አደርሽ እማማ!" እያለ እንደ ልማዱ ወደ ፊተኛው በር ቀጥ ብሎ መጣ፤ ክንዷን ሊደግፍ እጁን እንደዘረጋ ከኋላ አያት። እጁ አየር ላይ ቀረ።

መርፌ የፊቱን በር ከፈተለት።

"ዛሬ ከፊት ተቀመጥ" አለው።

ወንበሩ ላይ ትልቁ ኮድ ማንበቢያ ተቀምጧል፤ ገመዱ ከመሪው ሥር ተሰክቷል፤ ሦስቱ መስመሮች ስክሪኑ ላይ ናቸው። ከወንበሩ ፊት ለፊት ዳሽቦርዱ አንድ ስንዝር አፉን ከፍቷል፤ ቢጫው ሶኬት በክፍተቱ ይታያል።

ፊውዝ አየ። መጀመሪያ ስክሪኑን፣ ከዚያ ሶኬቱን፣ ከዚያ ከስፌቱ ላይ የተንጠለጠለችውን የተበጠሰች ጥቁር ክር። አፉን ከፈት አደረገ። መርፌ ጠበቀ፤ ልቡ እንደዚያች መኪና ሦስቱን እየመታ አራተኛውን ይውጣል።

"ለምን ነበር ትንሹን ግዛ ያልከኝ?" አለው ቀስ ብሎ።

"ግባ እንጂ ልጄ፣ ምን ይገትርሃል? ሰዓቱ ሄደ" አለች እናትየው።

ፊውዝ አፉን ገጠመ። የፊተኛውን በር ድምፅ ሳያሰማ ዘጋው። ዞረና የኋላውን ከፈተ፤ ጎንበስ ብሎ፣ እናትየውን ሳያያት፣ ቀበቶዋን ፈልጎ አሰረላት። ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገው።

"ዛሬ ምነው ዝም አልክ?" አለችው፣ ጉንጩን በመዳፏ እየነካች። "አሞሃል እንዴ?"

እጇን ቀስ ብሎ ከጉንጩ ላይ አነሳና ጭኗ ላይ አኖረላት። በሩን ዘጋ። መርፌን በጎን አልፎት፣ በግቢው በር ወጥቶ ሄደ።